ከመንዝ ወደ ኖርዌይ በረዶ፦ የአንድ የስኪ ልብስ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ስሰፋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ወጥቶ ከመኪናው መስታወት ላይ አመዳይ የሚፍቅ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ፋብሪካችን እንኳ የታወቀው በብርድ ልብስ ነው። እና ስለ ብርድ ማንም እንዲያስተምረኝ የምፈልግ ሰው አልነበርኩም።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ወጣት መምህር ለስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ረጃጅም ቀጫጭን ሰሌዳ አስሮ በረዶ ላይ ለመንሸራተት፣ የሚሆን ልብስ አዘጋጅልኝ ብሎ መጣ። የመጀመሪያው ዝግጅታችን ፉርሽ ሆነ። ሁለተኛው በአብዛኛው ሠራ። በመካከሉ የሆነውን በመለኪያ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፍ ስለነበር ዛሬ ሙሉውን ላስቀምጠው። ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ያለው ቤተሰብ አሁንም ሱቄ ይመጣል። ይዞት የሚመጣውም ሐሳብ ያኔ እኛን ያሳሳተን ነው። የሰዎቹን ስም አላነሳም።

ባለጉዳዩና ጉዞው

ወጣቱ ተወልዶ ያደገው መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ሳይንስ ያስተምራል። ለሦስት ወር የመምህራን ልውውጥ ወደ ኖርዌይ፣ ሊልሃመር ወደምትባል ከተማ ሊሄድ ነበር። ሊልሃመር በፈረንጆቹ 1994 የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደባት ናት። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ መውረድ እዚያ ወሬ አይሆንም።

አስተናጋጆቹ የላኩለት መልእክት አጭር ነበር። ቅዳሜና እሁድ አገር አቋራጭ ስኪ ይወጣሉ። ስኪውን፣ ዱላውንና ጫማውን እነሱ ያዘጋጃሉ። ልብስ ግን ይዞ ይምጣ። ምን ዓይነት ልብስ? "ሞቅ ያለ" ከማለት በቀር ዝርዝር የለውም።

እኔ ስኪ የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። ሰው ከተራራ ጫፍ ተነስቶ ቁልቁል ሲበር። ያ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። አገር አቋራጩ ሜዳውንም ዳገቱንም በእግርና በክንድ ኃይል እየገፉ መሄድ ነው። ድካሙ ከሩጫ አይተናነስም። በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም የተሰለፈው በዚሁ በአገር አቋራጩ ነው። ቁልቁል የሚንሸራተተው ሰው በገመድ በሚጎተት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ነፋስ እየገረፈው ይወርዳል። ወፍራም ልብስ ያሻዋል። አገር አቋራጭ የሚሄደው ግን ራሱ ምድጃ ነው።

ይህን ልዩነት ያኔ አላወቅነውም። ችግራችን በሙሉ ከዚያ ነው የመጣው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው ግዢ

እናቱ ሁለት በግ ሸጠው ገንዘብ ሰጡት። መካሪ አልጠፋም። አጎቱ ካፖርት አሉ። ጓደኛው ከጂንስ ሥር ሌላ ሱሪ ደርብ አለው። እኔም የራሴን ጨመርኩበት፤ ከሁሉም የከፋው የእኔ ነበር። ጋቢ ቆርጬ ለካፖርቱ ገበር ሰፋሁለት። ድርብርብ ጥጥ ነው፣ ይሞቃል ብዬ ነው። እውነትም ይሞቃል፤ ለተቀመጠ ሰው።

ተሰብስቦ የተገኘው ይህ ነው፦ የጥጥ ካናቴራ፣ የጥጥ ፓካውት፣ ወፍራም ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ጋቢ የገባበት ካፖርት፣ ረጅም ሻርፕ፣ ኮፍያ፣ የሹራብ ጓንት፣ የጥጥ ካልሲ። ሁሉም ሲለበስ ልጁ ክንዱን ወደ ጎኑ ማስጠጋት አቃተው። "ጋሼ፣ እንዲህ ሆኜ ዱላውን እንዴት ነው የምገፋው?" አለኝ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄውን ግን ማንም አልመለሰለትም።

ጓሳ ላይ የተደረገው ሙከራ

እንሞክረው የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። አስተማሪ አይደል! ኅዳር አጋማሽ ላይ ሁለታችን ወደ መንዝ ጓሳ ሄድን። ጣርማ በር ላይ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ነው የሚኬደው። ጥብቅ ስፍራው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ የደብረ ብርሃን ብርድ እዚያ ሲደርስ ቀልድ ነው። የበረዶ ሜዳ የለውም። ነፋስና ዳገት ግን እንደልብ ነው፤ ለእኛ ያ ይበቃን ነበር።

እዚያው አደርን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንወጣ ደጅ ያደረው የባልዲ ውሃ ስስ በረዶ ይዟል። የጓሳው ሣር ነጭ ለብሷል። አንድ በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰው መንገድ ይመሩናል። የለበሱት በርኖስ፣ ያደረጉት ኮንጎ ጫማ ነው።

አርባ ደቂቃ ያህል ዳገት ወጣን። ልጁ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ላብ በላብ ሆነ። ካፖርቱን ላውልቀው ሲለኝ "ተው፣ ብርድ ይመታሃል" አልኩት። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተኮልኩለው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሱን እያየን ተቀመጥን። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይመጣል። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከፔርሙሱ ሻይ ሊቀዳ ሲል ክዳኑን መፍታት አቃተው። ከዚያ ንግግሩ ተንተባተበ። እኔ ገና ምን ሆንክ እያልኩ ነው።

ቀድመው የገባቸው ሽማግሌው ናቸው። ነፋስ ወደማይደርስበት የድንጋይ ጥግ ወሰዱት። እርጥቡን ሁሉ አስወለቁት። የእኔን ደረቅ ሹራብ አለበሱትና የራሳቸውን በርኖስ ከላይ ጣሉበት። በአጠገባችን ከነበሩት እረኞች አንዱ አረቄ ይዞ ከተፍ አለ። እኛ አገር ብርድ ለመታው ሰው የሚሰጠው እሱ ነው። ሽማግሌው "የለም፣ ሻይ" አሉ። ልክ ነበሩ። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል። ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ ከውስጥ ያለው ሙቀት ግን በዚያው እያመለጠ ነው። መንቀጥቀጥ፣ የጣት አልታዘዝ ማለት፣ የምላስ መተሳሰር የሰውነት ሙቀት መውረድ ሲጀምር የሚታዩ ምልክቶች መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቶሎ ስለተደረሰለት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ።

ካናቴራውን ጨመቅሁት፤ ውሃ ወረደ። የጋቢውም ገበር ረጥቧል። በገዛ እጄ የሰፋሁት ገበር።

ለምን ከሸፈ

ልብስ በራሱ ሙቀት የለውም። የሰውነትን ሙቀት የሚያቆየው በክሮቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ጥጥ ላብ ሲጠጣ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይሞላዋል። ውሃ ደግሞ ካልተንቀሳቀሰ አየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ያሳልፋል። ልጁ ዳገቱን ሲወጣ ሰውነቱ ሙቀት ያመርት ስለነበር እርጥበቱ አልተሰማውም። ሲቀመጥ ምድጃው ጠፋ፤ እርጥቡ ልብስ ግን እላዩ ላይ ነው።

ሽማግሌውን ለምን አልበረዳቸውም? የእኔን ሥራ የቀየረው ይሄ ጥያቄ ነው። በርኖሳቸው ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ነው። የበግ ጠጉር የራሱን ክብደት 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም። ረጥቦም ሙቀት መያዙን ጨርሶ አይተውም። ሁለተኛው ምክንያት ፊት ለፊቱ ክፍት መሆኑ ነው። ዳገት ሲወጡ ወደ ትከሻቸው ይገፉታል፣ ነፋስ ይገባል። ሲቀመጡ ይጠቀለሉበታል። መንገዱን ሙሉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ነበር። ዓይኔ እያየ አላስተዋልኩም፤ ልብስ ሰፊ ሆኜ!

ስንመለስ ልጁ የሆነውን ሁሉ ለኖርዌይዋ አስተናጋጁ ጻፈላት። መልሷ ሁለት መስመር ነው። ጥጥ የሚባል ይዘህ እንዳትመጣ። ከቤት ስትወጣ ትንሽ ካልበረደህ በጣም ለብሰሃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዙር

አሁን የምንፈልገውን አወቅን። ገላን የሚነካው ላብ የማይጠጣ ይሁን። መካከለኛው አየር ይያዝ። የላይኛው ነፋስ ይመልስ። ሦስቱም ለየብቻ የሚወልቁ ይሁኑ፤ ከገበር ጋር የተሰፋ ልብስ ይህን አይፈቅድም።

ሰልባጅ ተራ ገባን። ከብርድ አገር የመጣ ልብስ እዚያ ሞልቷል። ችግሩ ከምን እንደተሠራ ማወቁ ላይ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ወይ ተቆርጧል ወይ ጠፍቷል። እኔ የድሮ ዘዴ አለኝ። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር እመዛለሁ፣ በወረንጦ እይዛለሁ፣ ከልብሱ ራቅ ብዬ ክብሪት እለኩስበታለሁ። ጥጥ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ሽታው የወረቀት ነው፣ አመዱም ለስላሳ። የበግ ጠጉር እያመነታ ይነድና እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ የሚሸተው እንደተቃጠለ ጸጉር ነው። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ሻጮቹ መጀመሪያ ልብሳችንን ሊያቃጥል ነው ብለው ተቆጡ። በኋላ አንዱ ራሱ "ይሄንንም ፈትሽልኝ" እያለ ያመጣልኝ ጀመር። ሱፍ መሆኑን ባረጋገጥኩለት ላይ ዋጋ መጨመሩን ግን አልወደድኩለትም።

በዚህ መንገድ ሁለት ስስ የበግ ጠጉር ሹራብና አንድ ፍሊስ አገኘን። ፍሊስ ከፖሊስተር የሚሠራው ጸጉራም ጨርቅ ነው። ለገላው ሌላ መግዛት አላስፈለገም። ልጁ ኳስ የሚጫወትበት የፖሊስተር ማሊያ ነበረው። ፖሊስተር ውሃ የሚጠጣው ከክብደቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ቶሎም ይደርቃል። ማሊያው ሥር ልብስ ሆነ። ከታች ታይት፣ ከዚያ በላይ ቱታ። ጂንሱ ቤት ቀረ።

አክስቱ ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር ፈትለው የውስጥ ሹራብና ካልሲ ሠሩለት። ሹራቡን ለብሶ አንድ ቀን አስተማረ። ሲያክ ዋለ፤ ተማሪዎቹ ምን እንዳሰቡ እንጃ። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የወፈረ ክር ሲበዛበት ልብሱ ቆዳ ይወጋል። ከሰልባጅ ያገኘናቸው ሹራቦች ክራቸው ሜሪኖ እንደሚባለው ጠጉረ ለስላሳ የበግ ዝርያ ቀጭን ስለሆነ አልወጉትም። ካልሲውን ግን እግሩ ቻለው።

የላዩን እኔ ሰፋሁት። እዚህም ተሳሳትኩ። ውስጡ ላስቲክ የተቀባ የዝናብ ልብስ ጨርቅ መረጥኩ፤ ምንም አያስገባም ብዬ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ያንኑ ዳገት እንደገና ስንወጣ ውስጡ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። የማያስገባ ጨርቅ አያስወጣምም። እንደደረስን ልጁ ጃኬቱን አወለቀ፣ ፍሊሱን ከቦርሳ አውጥቶ ደረበ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌው አዩትና "አሁን ሰው መሰልህ" አሉት።

ከተማ ስገባ ጃኬቱን በሌላ ጨርቅ ሠራሁት። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ፣ ላስቲክ ያልነካው ናይለን ነው። ነፋስ ይመልሳል፣ እንፋሎት ያሳልፋል። ብብቱ ሥር በሁለቱም ጎን ዚፕ አስገባሁለት። ሐሳቡን የወሰድኩት ከበርኖሱ ነው። ከትርፍራፊ ፍሊስ ደግሞ እንደ ቱቦ የሚጠለቅ የአንገት ልብስ ሰፋሁ፤ ረጅሙ ሻርፕ ከዱላ ጋር እንዳይጠላለፍበት።

የሁለተኛው ዙር ወጪ በሙሉ የመጀመሪያውን ሲሶ አልሞላም።

ኖርዌይ ላይ የሆነው

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ማታ ረጅም የቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ብርዱ ከዜሮ በታች 12 ነበር። ሁለት ሰዓት ሄደዋል። ስንት ጊዜ እንደወደቀ መቁጠር ትቷል። ሰውነቱ ግን አልበረደውም። ፍሊሱን ገና ከጅምሩ አውልቆ ቦርሳ ውስጥ ከቶታል፣ የብብቱን ዚፕ ከፍቶ ሄዷል፣ ለምሳ ሲቆሙ መልሶ ደርቧል። የአንገት ቱቦውን አፍንጫው ድረስ እየሳበ ተጠቅሞበታል። ሌላ አንድ እንግዳ ከየት ገዛኸው ብሎ ጠየቀው አሉ። ይሄን ሲነግረኝ ትንሽ ኮራሁ።

ያልሠራው ጓንቱ ነው። የሹራብ ጓንት ነበር። ነፋሱ በቀዳዳው ይገባል፣ በወደቀ ቁጥር በረዶው ክሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ጣቶቹ ደነዘዙ። አስተናጋጁ አውራ ጣት ብቻ ለብቻው የሆነበትን ጓንት አዋሰችው፤ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ስለሚሆኑ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። እኛ ለደረት ስንጨነቅ እጁን ረስተነዋል። መነጽርም አልያዘም ነበር። አዲስ በረዶ የፀሐይን የሚያቃጥል ጨረር 80 በመቶ ያህል ይመልሳል። ማታ ዓይኑ ሲያለቅስ አደረ።

ካልሲው ሌላ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ቀን የአክስቱን ካልሲ ከሌላ ካልሲ ጋር ደረበ። ጫማው ጠበበ፣ እግሩ ቀዘቀዘ። ደም ካልተዘዋወረ የካልሲ ብዛት ምንም አይረባም። በማግስቱ የአክስቱን ብቻ አደረገ፤ ሞቀው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በሙቅ ውሃ ከተተው። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃና በመታሸት ይኮማተራል። ከማሽኑ ሲወጣ የሦስት ዓመት ሕፃን ካልሲ ሆኗል። አክስቱ ይህን እስከዛሬ አልሰሙም።

የእኔም ጃኬት ገደብ ነበረው። ብርዱ ሲበረታ በረዶው ደረቅ ዱቄት ስለሆነ እጅ ሲጠርገው ይረግፋል። ናይለኑ ይበቃል። የካቲት ላይ ግን አንድ ቀን ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ሆነ። በረዶው እርጥብ ነው፣ ልጁ ደግሞ አሁንም ይወድቃል። መቀመጫው ረጥቦ ተመለሰ። ከዜሮ በታች 12 ላይ ያልበረደው ሰው ከዜሮ በላይ በአንድ ዲግሪ በረደው።

ለሌላ ተጓዥ የሚሆነው

አሁን ለብርድ አገር ልብስ ፈልጎ የሚመጣን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው እዚያ ምን ልትሠራ ነው ብዬ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰውና የሚገፋ ሰው ልብሳቸው አንድ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ከሆነ በመጠን ለብሶ፣ ሲያርፍ የሚደርበውን ደረቅ ልብስ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ከሆነ ካፖርት ይግዛ፤ ጋቢውም ይግባበት።

ሁለተኛ፣ የተገዛውን ሁሉ ከጉዞው በፊት አስለብሼ ዳገት አስወጣለሁ። ጓሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከደብረ ብርሃን ዳር ያለ ማንኛውም ጋራ በማለዳ ይበቃል። ወጥቶ፣ አልቦ፣ ነፋስ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ነው። ብቻውን ግን አይሁን፣ ደረቅ ቅያሪም ይያዝ። ስህተታችን ሁሉ የታየው በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ኖርዌይ ላይ ያስቸገረው ደግሞ እዚህ ያልፈተንነው ነው፤ ጓንቱን አርጥበን ብናየው ኖሮ እናውቀው ነበር።

ገንዘብ ካጠረ የላዩ ላይ ይቆጠብ እንጂ ገላን የሚነካው ላይ አይቀለድ። ማሊያ ያለው ሰው ግማሹን ጨርሷል። የመንዝን ጠጉር የሚያገኝ ደግሞ ለካልሲና ከላይ ለሚደረብ ያውለው። ለገላ አይሆንም፤ ማጠቢያውም ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን።

ያንን የአውራ ጣት ጓንት ስፌቱን ከፎቶ አይቼ እኔም መሥራት ጀምሬያለሁ። ከውስጥ ፍሊስ፣ ከላይ ናይለን። ጠዋት ጠዋት ሞተር የሚነዱ ልጆች ናቸው በብዛት የሚወስዱት።

የመጀመሪያው ካፖርት ወደ ኖርዌይ አልሄደም። የልጁ አባት የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ገበሩን ፈትቼው ነበር፤ ለእሳቸው መልሼ ሰፋሁት። ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እስካሁን ይለብሱታል።